ሌባን መያዝ ወይስ ሌባን መፍጠር?

«ጅብን ሲወጉ በአህያ ይጠጉ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ከአደን የመጣ ነው። ጅብን በባዶ ሜዳ ቢጠብቁት አይገኝም፤ አህያ ካለችበት ግን አይቀርም። ስለዚህ ጅቡን የሚፈልግ ሰው ከአህያዋ ጎን ያደፍጣል። ሰሞኑን በየመኝታ ክፍሉ፣ በምግብ አዳራሹ ሰልፍና በሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሲካሄድ የሰነበተው ክርክር ባጭሩ ሲታይ በዚሁ አባባል ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። አህያዋ ብስክሌት ናት። ጅቡ ማን እንደሆነ ግን እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ነገሩን ላልሰማችሁ ላስረዳ። ካለፈው መንፈቀ ዓመት ወዲህ ከግቢያችን ሦስት ብስክሌቶች ጠፍተዋል። ሦስቱም የጠፉት ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ካለው ዛፍ ሥር ነው፤ ሦስቱም በጠራራ ፀሐይ። መቼም ቡታጅራ ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት። ዘቢዳር በምዕራብ በኩል እንደ ግድግዳ ቢቆምም ከተማዋ ራሷ ከእግሩ ሥር ስለተዘረጋች ፔዳል ለመርገጥ አታስቸግርም። ለማስተማር ልምምድ ከከተማ ወጣ ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ለሚመደብ እጩ መምህር ደግሞ ብስክሌት ቅንጦት አይደለም። በየቀኑ ለባጃጅ ደርሶ መልስ ሲከፍል ወሩ ሳይጋመስ ኪሱ ይራቆታል።

ሦስተኛው ብስክሌት የክፍል ጓደኛዬ ነበር። መርካቶ ተቀጥሮ የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ እቁብ ሲደርሰው የገዛለት ነው። ጎማው ያለቀ፣ ፍሬኑ የሚንጫጫ፣ ኮርቻው በላስቲክ የታሰረ ሳይክል ነበር። ቢሆንም በጠፋ ማግስት ጓደኛዬ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጠመኔውንና የትምህርት መርጃ መሣሪያውን በፌስታል አንጠልጥሎ በእግሩ ሲገሰግስ አይቻለሁ። ለወንድሙ እስከዛሬ አልነገረውም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሌባ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ሌባው ቢያዝ ደስታዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት የመኝታ ክፍላችን ልጆች ተሰብስበው አንድ ሐሳብ አመጡ። «ለፖሊስ እናመልክት፤ አዲስ የሚመስል ብስክሌት ሳይቆለፍ እዚያው ዛፍ ሥር ይቁም፤ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ይጠብቁ፤ የነካ ይያዝ» የሚል ነው። ሐሳቡ ብዙ ደጋፊ አገኘ። የፊታችን ሐሙስ በሚደረገው የሰልጣኞች ስብሰባ ላይም ለውሳኔ ይቀርባል ተብሏል። እኔ አንዲት ጥያቄ አነሳሁ፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። ለመሆኑ ያንን ብስክሌት ከሁሉ ቀድሞ የሚነካው ማነው?

ግቢያችንን የሚያውቅ ሁሉ መልሱን መገመት አያቅተውም። ከሰዓት በኋላ ሊስትሮ ልጆች ሣጥናቸውን አንግተው በዋናው በር ይገባሉ። ዘበኛው ጋሼ አንዳንዴ ይከለክሏቸዋል፣ አንዳንዴ ይራሩላቸዋል። «ቲቸር፣ ጫማ ይጠረግ?» እያሉ ይዞራሉ፤ ገና ሳንመረቅ ቲቸር ያሉን እነሱ ናቸው። ከመሐላቸው አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ አለ። ሥራ ሲያጣ ከዛፉ ሥር ይሄድና የቆሙትን ብስክሌቶች ፔዳል በእጁ ያሽከረክራል። ካቴናው ሲዞር ማየት ደስ ይለዋል። ሰው ሲመጣ ይሮጣል። ያ ልጅ አንድ ቀን ያልተቆለፈ፣ የሚያብረቀርቅ ሳይክል ቢያገኝና ማንም አጠገቡ ባይኖር፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ግቢውን ዞሮበት እመልሳለሁ ብሎ ቢነሳ፣ በር ላይ ሲደርስ ደግሞ እግሩ ወደ ውጭ ቢወስደው፣ ሁለቱ ሰዎች የሚይዙት ማንን ነው? ሦስት ብስክሌት የወሰደውን ሰው ነው ወይስ ይህን ልጅ?

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ሌባ ፍለጋ በአገራችን አዲስ አይደለም። ቀደምት ሰዎች የሞከሯቸውን ሁለት መንገዶች ብቻ ላንሳ።

አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። ንብረት ሲጠፋ የሌባ ሻይ ባለቤት ይጠራል። ለአንድ ልጅ መድኃኒት በወተት ይሰጠዋል፣ እንዲያጨስም ይደረጋል። ልጁ ራሱን ስቶ ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ እየተያዘ በመንደሩ ይነዳል። ተንገዳግዶ ከወደቀበት ደጃፍ ያለው ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ዘመናዊ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ሲስፋፋ ይህ አሠራር ቀረ። ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን፤ ቢሆንም አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ አሠራር ውስጥም ሌባውን የሚያሳየው ነገሩን የማያውቅ ልጅ ነበር፤ የልጁ እግር ወዴት እንደሚወስደው የሚወስኑት ደግሞ ገመዱን የያዙት ሰዎች ነበሩ።

ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ወንጀል ሲፈጸምና ፈጻሚው ሲጠፋ ያገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ጉዳዩ እስኪገለጥ ድረስም ወደ ሥራው እንዳይሄድ ይደረጋል። ምስጢር የሚያመጣው ሰው ስሙ እንዳይወጣ «ወፍ ነገረኝ» ይባል ነበር። አውጫጭኝ ጥፋት ነበረበት፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያንገላታል፣ ቂም ያለውም ሰው በወፍ ስም ጠላቱን ያስጠቁማል። አንድ በጎ ነገር ግን ነበረው፤ የሚጠይቀው ስላለፈው ነገር ነው። «ይህን በሬ ማን ወሰደው?» ይላል እንጂ «ሌላ በሬ እናስርና ማን እንደሚወስደው እንይ» አይልም።

የወጥመድ ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ወጥመድ ያለፈውን ጥፋት አይመረምርም፤ አዲስ ጥፋት እስኪፈጸም ይጠብቃል። የተያዘው ሰው የዛሬውን ብስክሌት መንካቱ ይረጋገጣል። የትናንቱን ስለ መውሰዱ ግን ወጥመዱ ምንም አይናገርም። ደስታችን በዝቶ ሁለቱን አንድ አድርገን እንቆጥራለን እንጂ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

በውጭው ዓለም ይህ ዘዴ በሰፊው ተሠርቶበታል። በአሜሪካ በማዲሰን ከተማ የሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያለበትን ቦታ በሳተላይት የሚጠቁም መሣሪያ በብስክሌቶች ውስጥ ደብቆ በግቢው ማቆም ጀመረ። የሳንፍራንሲስኮ ፖሊስም ዘዴውን ሲሠራበት፣ ይህ ብስክሌት የፖሊስ ሊሆን ይችላል የሚል ትርጉም ያለው ተለጣፊ ወረቀት ለሕዝብ አድሏል። ይህ አድራጎት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ዓላማው ሰውን በድብቅ መያዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወጥመድ አለ ብሎ መለጠፍ ባላስፈለገ። ዓላማው ሌባው እጁን ሳይዘረጋ እንዲፈራ ማድረግም ነበር። እንዲህ ያለው ወጥመድ ከተያዘው ሰው ይልቅ ሳይሰርቅ የተመለሰውን ይቆጥራል።

እዚያው አገር ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። በካሊፎርኒያ ሕግ የተሰረቀው ዕቃ ዋጋ ከ950 ዶላር ካለፈ ጥፋቱ ወደ ከባድ ወንጀል ሊሸጋገር ይችላል። እንግዲህ ፖሊስ የትኛውን ብስክሌት እንደሚያቆም ሲመርጥ የቅጣቱንም ክብደት አብሮ እየመረጠ ነው ማለት ነው። የእኛም ልጆች «አዲስ የሚመስል፣ ያልተቆለፈ» ሲሉ ይህንኑ እያደረጉ መሆናቸውን ያሰቡበት አይመስለኝም። የጓደኛዬ ሳይክል አዲስ አልነበረም፤ ክፍቱንም አልተተወም። ተቆልፎ ነበር፤ ሌባው ሰንሰለቱን ቆርጦ ነው የወሰደው። ሰንሰለት መቁረጫ ይዞ የሚመጣ ሰው ሌላ፣ ክፍት ሳይክል አይቶ ልቡ የሚሸፍት ሰው ሌላ።

የአገሮች ፍርድ ቤቶች ይህን ልዩነት ሲመረምሩ ቆይተዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ የሸርማን ጉዳይ ነው። ሸርማን የዕፅ ሱሰኛ ነበር፤ ከሱሱ ለመላቀቅ ሐኪም ዘንድ ይመላለስ ነበር። እዚያው ሐኪም ቤት ከሌላ ታካሚ ጋር ተዋወቀ። ያ ሰው ግን የመንግሥት ጠቋሚ ነበር። ሕክምናው አልተስማማኝም፣ እየተሠቃየሁ ነው፣ እባክህ ዕፅ የሚገኝበትን አሳየኝ እያለ ለመነው። ሸርማን በመጀመሪያ ሸሸው፤ ደጋግሞ ሲለምነው ግን ተሸነፈና አመጣለት። ተከሶም ተፈረደበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1958 ፍርዱን ሻረው። የውሳኔው መንፈስ ሲጨመቅ፣ ላልጠረጠረ ንጹሕ ሰው የሚዘረጋ ወጥመድና ላልጠረጠረ ወንጀለኛ የሚዘረጋ ወጥመድ አንድ አይደሉም የሚል ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1998 በፖርቱጋል ጉዳይ ተመሳሳይ አቋም ያዘ። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ከዚያ በፊት ጥፋት ያልተመዘገበበትን ሰው ሄሮይን አምጣልን ብለው ካስመጡት በኋላ ማስፈረዳቸው ትክክለኛ ፍርድ የማግኘት መብቱን ጥሷል ተባለ።

የእኛን ጉዳይ የሚመስለው ደግሞ የኔዘርላንድ ነው። ኔዘርላንድ የብስክሌት አገር ናት፤ ሌብነቱም እንደዚያው። የዚያች አገር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥቅምት 28 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ስለ ፖሊስ የወጥመድ ብስክሌት ውሳኔ ሰጥቷል። ብስክሌቱን ማቆም ብቻውን ሰውን ለወንጀል መገፋፋት አይደለም አለ። መለኪያው፣ ተከሳሹ አስቀድሞ ልቡ ካሰበው ነገር ውጪ ሌላ ነገር እንዲያደርግ ፖሊስ ገፋፍቶታል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ «ወጥመድ ሁሉ ኃጢአት ነው» ብዬ ብከራከር ስህተት እሠራለሁ። ጥያቄው ወጥመዱ የሚያገኘው አስቀድሞ የነበረን ሐሳብ ነው ወይስ ያልነበረን ሐሳብ ነው የሚፈጥረው የሚለው ነው።

የእኛንስ ሕግ ብንመለከት? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እሥራት ወይም ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 36 ሌላውን ሰው በማግባባት፣ በተስፋ ቃል፣ በገንዘብ፣ በስጦታ፣ በማስፈራራት ወይም በማናቸውም ሌላ ዘዴ ወንጀል እንዲሠራ ያነሳሳም ተጠያቂ ነው ይላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 31 ፖሊስ የሚመረምረውን ሰው እንዳያባብል፣ እንዳያስፈራራና የተስፋ ቃል እንዳይሰጥ ደንግጓል። እነዚህ አንቀጾች ስለ ብስክሌት ወጥመድ በስም አይናገሩም። እኔ እንደሚገባኝ ግን መንፈሳቸው አንድ ነው፤ ጥፋት ከአጥፊው ልብ መውጣት አለበት እንጂ ከያዡ እጅ መውጣት የለበትም። ለእኛ ለመምህራን ደግሞ የሚከተለው ይጨመርልን። በዚሁ የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ እንደ ዐዋቂ አይቀጣም፣ ለብቻው የተደነገገለት አያያዝ አለው። ሕግ አውጪው ልጅን ለይቶ ካየው፣ ወጥመዳችን ልጅን ከዐዋቂ ሳይለይ ሲይዝ ዝም ማለት ይገባናል?

ወደ ክፍል ውስጥ ልግባ፤ ነገሩ ከብስክሌት ይልቅ የሚነካን እዚያ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍላችን እስክሪብቶ ይጠፋ ነበር። መምህራችን ጎበዝና ተወዳጅ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጠረጴዛቸው ላይ ቆንጆ ባለ አራት ቀለም እስክሪብቶ ትተው ወጡና ከመስኮት ውጪ ቆመው ጠበቁ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ተነስቶ አነሳው። አንደኛውን ቀለም ተጫነ፣ ሁለተኛውን ተጫነ፣ በመጨረሻ ኪሱ ከተተው። ያኔ ተያዘ። በሰልፍ ላይ ወጥቶ «ሌባው ይኸውላችሁ» ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሙ የጠራው ሰው አልነበረም። ኳስ ሲጫወት «ሌባው አቀብለኝ»፣ ውኃ ሲቀዳ «ሌባው ተራህን ጠብቅ» ይባላል። ልጁ ዓመቱን አልጨረሰም፤ ትምህርቱን አቋርጦ ከአጎቱ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አንዳንዱ «ጥፋተኛ ነበር፣ ተቀጣ» ሊል ይችላል። እስክሪብቶ መጥፋቱ ግን አልቆመም። እሱ ከሄደ በኋላም ይጠፋ ነበር። አመሻሹ ላይ ክፍሉን የሚጠቀሙ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ማን ይወስድ እንደነበር አልታወቀም። ወጥመዱ ሌባ ሲፈልግ አንድ ልጅ አገኘ። ባለ አራት ቀለሙ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ባይተው ኖሮ ያ ልጅ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ምናልባት ዛሬ ከእኛ ጋር እዚህ ግቢ ይማር ነበር።

ስለ ብስክሌት ሌብነት ከተሠሩት ሁሉ የታወቀው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1948 በጣሊያን የወጣው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ሥራ ፈት የነበረ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይጠይቃል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላ አስይዛ ብስክሌቱን ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቅበታል። ከትንሽ ልጁ ጋር ከተማውን ሲያስስ ይውልና ሲያጣ፣ በመጨረሻ አንድ ደጃፍ ላይ ጠባቂ የሌለው ብስክሌት ያያል። ይሰርቃል፤ ይያዛል። ሕዝቡ ከቦት ሲያዋክበው ልጁ እያለቀሰ ይደርሳል። የብስክሌቱ ባለቤት ልጁን ያይና አልከስም ብሎ ይተወዋል። ያ ብስክሌት የፖሊስ ወጥመድ ቢሆን ኖሮ የተሰረቀበት ሰው በሌባነት ተመዝግቦ ይቀር ነበር፤ የፊተኛው ሌባም በሰላም ይኖር ነበር።

እዚህ ላይ ጓደኛዬ ሲመልስልኝ ያለውን ሳልጽፍ ብቀር አድላዊ እሆናለሁ። «ወንድሜ፣ አንተ ስለ ፊልም ታወራለህ፣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው የሌላውን ሳይክል ለምን ይነካል? ክፍት ቤት ያየ ሁሉ ይገባል እንዴ? የተፈተነና ያለፈ ስንት ሊስትሮ አለ!» አለኝ። እውነት አለው። ድህነት ሁሉን ሌባ አያደርግም። ይህችን ከተማም ሆነ የአዲስ አበባን ገበያ ያቀናው ከሊስትሮ ሣጥን ተነስቶ ሱቅ የከፈተ፣ የሰው ሳንቲም ያልነካ ስንትና ስንት ሰው ነው። ሆኖም ፈተናን ማለፍ የሚደነቅ ነገር ነው ማለት ፈታኝ መሆን ይገባናል ማለት አይደለም። እኛ በሥነ ልቦና ትምህርት የልጅ ራስን የመግዛት ችሎታ ቀስ በቀስ እንደሚያድግ ተምረናል። ያልበሰለውን እያወቁ መፈተን ፈተና አይባልም፤ ማሰናከል ነው።

ሌላም የምፈራው ነገር አለ። በከተማችን ብቻ ሳይሆን በየትም ቦታ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። የተያዘው ሰው ፖሊስ ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ስንት ጡጫ ያርፍበታል? ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል። በጩኸት መሐል ግን አንቀጽ የሚያነብ ሰው የለም። ወጥመዱን እኛ ካዘጋጀነው፣ ጩኸቱንም የምናሰማው እኛ ነን፤ ለሚወርደውም ዱላ ተጠያቂዎች እንሆናለን።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ወይ? አይደለም። መፍትሔው ከአጠገባችን አለ፤ የጓደኛዬ ብስክሌት የተገዛበት እቁብ ራሱ ያስተምረናል። እቁብ ብዙ ገንዘብ በሰው እጅ የሚያስቀምጥ ማኅበር ነው። ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ ሊጠፋ ይችላል። እቁብ ግን አባሉን ለመፈተን ብር ሜዳ ላይ ትቶ አያደፍጥም። ዕጣ የወጣለትን «ዋስ ጥራ» ይለዋል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ዳኛው ይቆጣጠራል። እቁብ ሰው ሊሳሳት እንደሚችል ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ስህተቱ እንዳይመጣ በሩን አስቀድሞ ይዘጋል። መተማመንና ጥንቃቄ አብረው ሲሄዱ እንዲህ ነው። በሰባት ቤት የጆካ፣ በክስታኔ የጎርደና ሸንጎም ቢሆን የሽማግሌዎች ዓላማ በደልን ማውጣት፣ ካሣ ማስከፈልና ማስታረቅ ነው፤ አዲስ በደል ማስፈጸም አይደለም።

ከዚህ በመነሳት ለሐሙሱ ስብሰባ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ. እያንዳንዱ ብስክሌት ይመዝገብ። አብዛኛው ሳይክል ከፔዳሉ መዞሪያ ሥር በብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው። ቁጥሩ፣ ቀለሙና የባለቤቱ ስም በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ሳይክሉ ቢገኝ እንኳ የኔ ነው ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋል።

2ኛ. ማቆሚያው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ተነስቶ ከበሩ አጠገብ ዘበኛው ጋሼ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት ይሁን። የብረት መወርወሪያ መሬት ላይ ተተክሎ ሰንሰለቱ በእሱ ይታሰር። ከበር የሚወጣ ሳይክል ሁሉ በካርድ ይውጣ። እሳቸውን ለማገዝም በተራ አንድ አንድ ሰልጣኝ እንመድብ።

3ኛ. ሌባ የሚኖረው ተቀባይ ሲኖር ነው። የተሰረቀ ሳይክል ወይ ይሸጣል ወይ ተፈታትቶ ጎማውና ካላማዳሪው ለየብቻ ይሸጣል። ስለዚህ የጠፉትን የሦስቱን ብስክሌቶች ምልክት ጽፈን ለፖሊስም ለከተማው የሳይክል ጠጋኞችም እናድርስ። ጠጋኞቹ የእጅ ሥራቸውን ከሩቅ ያውቃሉ፤ የጓደኛዬን ኮርቻ በላስቲክ ያሰረ ሰውም ከመሐላቸው አለ።

4ኛ. ይህ ሁሉ ተደርጎ ስርቆቱ ካልቆመና ፖሊስ በራሱ ውሳኔ ወጥመድ አስፈላጊ ነው ካለ፣ ሥራው የፖሊስ እንጂ የሰልጣኞች አይሁን። ብስክሌቱ እንደ ሌሎቹ አሮጌና የተቆለፈ ይሁን፤ ሰንሰለት ቆርጦ የሚወስድ ሰው ሐሳቡን ይዞት የመጣ መሆኑ ያን ጊዜ ይታወቃል። ሊስትሮ ልጆች ግቢ በሚገቡበት ሰዓት አይቁም። ማንም ሰው ማንንም በቃል እንዳያነሳሳ። የተያዘው ሳይመታና በሰልፍ ሳይታይ ለሕግ ይቅረብ። በዚህ ግቢ ወጥመድ ሊኖር ይችላል የሚል ማስታወቂያም በበሩ ላይ ይለጠፍ።

«ማስታወቂያ ከተለጠፈማ ሌባው አይመጣም!» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። መልካም፣ አይምጣ! እኛ የምንፈልገው ብስክሌታችን እንዲቆይ ነው ወይስ የሚታሰር ሰው እንዲገኝ?

የተከበራችሁ አሠልጣኞቻችን፣ በክፍል አያያዝ ትምህርት ላይ ይህ ጉዳይ ለውይይት ቢቀርብ ደስ ይለናል። ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኞቻችን በየገጠሩ ትምህርት ቤት አምሳና ስልሳ ልጆች ፊት እንቆማለን። እስክሪብቶ ይጠፋል፣ ደብተር ይጠፋል፣ የምሳ ዳቦ ይጠፋል። የዚያን ቀን ጠረጴዛችን ላይ የሚያምር ነገር ትቶ በመስኮት ማየት ይቀለናል፤ ውጤቱም ቶሎ ይገኛል። ከዚያ ይልቅ ልጆቹን አስቀምጦ ማነጋገር፣ የወሰደው ሰው ሳይታይ የሚመልስበት ካርቶን በር ላይ ማስቀመጥና የዳቦው ሌባ ቁርስ በልቶ እንደመጣ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ በአዳራሹ እንገናኝ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁም ኑና ተከራከሩ፤ ጓደኛዬም ይመጣል። በነገራችን ላይ እስከዚያው ድረስ ወደ እሱ ልምምድ ትምህርት ቤት አቅጣጫ የሚሄድ ባለሳይክል ካለ ከኋላ ቢያፈናጥጠው ውለታ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በር ላይ ይቆማል።

ከአንድ እጩ መምህር